ተጠቃሚያችን ናት

እሱ የሚለው እንዲህ ነው። ጉብኝቱ መተኮሻ ክፍሉ ሲደርስ እናቱ ከአንሶላው ክምር ኋላ የቆመችውን ልጅ በአገጫቸው አመልክተው «ይቺስ ማናት?» ብለው ጠየቁት። እሱም «ይህን ሁሉ የጀመረችው እሷ ናት፤ እኛ ከጎኗ ነን» ብሎ መለሰ። ቀጥለው የደጋፊው ድርጅት ዳይሬክተር ስለ ሌሎቹ ሴቶች የሆነ ነገር ጠየቁት፤ ለእሳቸውም መለሰላቸው። ማጠቢያ ማሽኑ ይጮህ ስለነበር ማን ምን እንዳለ በደንብ አልተሰማም። በቃ፣ ይኸው ነው። ከአፉ ሌላ ቃል አልወጣም፤ ማል ቢሉት ይምላል።

እሷ የምትለው ደግሞ እንዲህ ነው። እናትየዋ «ይቺስ ማናት?» አሉ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ የትራስ ልብስ እያገላበጠ፣ «ተጠቃሚያችን ናት» አለ። ማሽኑ አልጮኸም። ማሽኑ የሚጮኸው ሲጨምቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ገና ውኃ እየሞላ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል ይበዛ ይሆናል። እንዳይበዛ ከሥሩ እንነሣ።

ላውንደሪውን ያቋቋመችው እሷ ናት። እናቷ በየሰዉ ቤት እየዞሩ ልብስ በማጠብ ነው ያሳደጓት። ትምህርቷን ስትጨርስ እንደ እናቷ በየደጁ ይዞሩ የነበሩ ሴቶችን ሰብስባ፣ አንድ ያገለገለ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ፣ የክሊኒክና የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ትርፉ ወደ ኪሷ አይገባም፤ ለሴቶቹ ደመወዝ፣ ለልጆቻቸው መዋያ፣ ለታመመ መታከሚያ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያግዝ አንድ ደጋፊ ድርጅት አለ። እሱ የዚያ ድርጅት አማካሪ ነው። ሒሳብ አያያዝ ያሳያል፣ ደንበኛ ያፈላልጋል፣ ሪፖርት ያጽፋል። በድርጅቱ ቋንቋ እርዳታውን የሚቀበል ሰው ሁሉ «ተጠቃሚ» ይባላል። ድርጅቱ ያለበትን ሕንፃ ያለ ኪራይ የሰጡት ደግሞ የአማካሪው እናት ናቸው፤ በላውንደሪው ሴቶች ዘንድ ስማቸው «ባለሕንፃዋ» ነው።

አማካሪውና የላውንደሪው ኃላፊ ይዋደዳሉ። ይህን ከመተኮሻ ክፍሉ ሴቶች በቀር ማንም አያውቅም፤ እነሱ ደግሞ ከራሳቸው ከሁለቱ በፊት ነው ያወቁት። ምስጢር የሆነው በድርጅቱ ደንብ ምክንያት ነው። አማካሪ ከሚያማክረው ሰው ጋር ከሥራ ያለፈ ቅርበት ካለው የድጋፍ ውሉ ሊሰረዝ ይችላል። ቢሆንም ከጉብኝቱ በፊት «እማዬ ትመጣለች፤ ለደንቡ መላ እስክናገኝ ቢያንስ እሷ ትወቅሽ፤ አስተዋውቅሻለሁ» ብሏት ነበር። የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት በዚያን ቀን ጠዋት የራሷን ሸሚዝ ደጋግማ ተኮሰች። ኮሌታው እምቢ ብሏት እንደገና አርጥባ ጀመረችው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው «ተጠቃሚያችን ናት» የተባለው።

በማግስቱ አማካሪው እንደ ወትሮው ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ገባ።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ዞረ። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነዋ። ይቀመጡ። ወንበሩ እርጥብ ነው፤ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት።»

ከአንቱታ ወደ አንተና አንቺ ለመሻገር ወራት ፈጅቶባቸው ነበር። አንድ ጊዜ በስልክ ሳታስበው «አንተ» ብላው፣ ደንግጣ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታበታለች። አሁን ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ሌሊት ተመልሳዋለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምን እሆናለሁ? እየተጠቀምኩ ነው።»

«ምን?»

«ተጠቃሚ አይደለሁም እንዴ? እየተጠቀምኩ ነዋ። ዛሬ ምን ይዘውልን መጡ? ሥልጠና? ባለፈው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ያሠለጠናችሁን ቀን ሙሉ ቀን ፈጅቶ የክሊኒኩ አንሶላ ሳይታጠብ አደረ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለዋል።»

«ማሽኑ ይጮህ ነበር እኮ።»

«ውኃ እየሞላ ነበር።»

እጁን በግንባሩ ላይ አሳርፎ ወደ ጥግ ዞረ። ጥጉ ላይ ካውያ ነበረች። ካውያ የመተኮሻው አለቃ ናት። ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ተኳሽነቷ በእጇም በምላሷም ስለሆነ ይህን ስም ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው።

«እትዬ ካውያ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። ምን አልኩ?»

«እኔን ምስክር አታድርጉኝ» አለች ዓይኗን ከአንሶላው ጠርዝ ሳታነሣ። «አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ላስታርቅ ብዬ ገብቼ፣ እነሱ ታርቀው እኔን እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።»

«ባልና ሚስት አይደለንም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«እሰይ፣ አንድ ነገር ተስማማችሁ።»

ማንም አልሳቀም። ኃላፊዋ የተተኮሰውን ክምር አቅፋ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ድሮው መለስ ብላ ታየዋለች ብሎ ጠበቀ። አላየችውም። ኮምፒውተሩን ሳይከፍት እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪው ሲርስ ታውቆታል፣ ግን አልተነሣም።

እሑድ ምሳ እናቱ ቤት ነበር። ሰፊው ጠረጴዛ ላይ እናትና ልጅ ብቻ፣ ፊት ለፊት።

«ስለዚያ ላውንደሪ ላነሣብህ ነበር» አሉ እናቱ። «ንጹሕ ነው፤ ወድጄዋለሁ። ያቺ ተጠቃሚ ያልካት ልጅም ጨዋ ትመስላለች።»

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ያልኳት?»

«ተጠቃሚ። ማናት ስልህ ‹ተጠቃሚያችን ናት› አላልክም?»

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«እኔ ከየት አመጣዋለሁ ልጄ፣ ይሄ የእናንተ ቃል ነው። መጀመሪያማ ደንግጬ ነበር። ከአንሶላው ኋላ ሆና ስታይህ አይቻታለሁ። እንደዚያ የምታይ ሴት ሒሳብ አስተካክልልኝ ብላ አይደለም የምታየው። አንተም ተጠቃሚ ስትል፣ በማን ነው የምትጠቀመው፣ በልጄ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። በኋላ የሥራ ቃላችሁ መሆኑ ትዝ ሲለኝ እፎይ አልኩ።»

«ለምን እፎይ አልሽ?»

«ማን የሚወዳትን ሴት እንደዚያ ብሎ ያስተዋውቃል?» አሉ እናቱ፣ የውኃ ብርጭቆውን ወደ እሱ እያስጠጉ። «ቢወዳት ኖሮ ስሟን ይጠራ ነበር። ቢያንስ ይንተባተብ ነበር። አንተ ግን ቀጥ አድርገህ ነው ያልከው፤ እንደ ሪፖርት።»

ለክፋት አላሉትም። ልጃቸው በልቶ እንዲጨርስ የሚጠብቁ አንዲት እናት ነበሩ። እሱ ግን ሳህኑን ገፋ አደረገው። የገረመው የእናቱ ፍርሃት አይደለም፤ ያን ፍርሃት ያረጋጋችው የገዛ ቃሉ መሆኗ ነው። ሰው የሚወደውን ሲክድ ቢያንስ ሊሰማው ይገባል ብሎ አሰበ፤ እሱ ክዶ እንደካደ እንኳ አላወቀም።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጻፈላት። በማግስቱ ጠዋት ካውያ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አገኘችውና ለኃላፊዋ ሰጠቻት። እሷም እጇ በሳሙና ርሶ ስለነበር ጫፉን ይዛ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ጉዳዩ፦ በጉብኝቱ ዕለት ስለተፈጠረው አለመግባባት።›»

ካውያ ካውያዋን አቆመች። «ጉዳዩ?»

«‹ጉዳዩ› ይላል።»

«ለፍቅር ደብዳቤ ጉዳይ ጻፈበት? ግልባጭስ? ለሚመለከታቸው ሁሉ አድርጎታል?»

«ስሚ እንጂ። ‹በቅድሚያ ለደረሰው የስሜት ጉዳት ከልብ እያዘንኩ፣ ሁኔታውን ከተለያየ አቅጣጫ መመልከት እንደሚያስፈልግ አምናለሁ። ካለፈው ልምድ በመነሣት ቀጣይ አቅጣጫችንን…›» ወረቀቱን አጠፈችው። «አየሽ? ይኸው ነው እሱ። እኔ ስናደድ እቃ እሰብራለሁ፤ እሱ ሲጨነቅ አቅጣጫ ያስቀምጣል።»

«ማኅተም የለውም?» አለች ካውያ። «ማኅተም ከሌለው አልቀበልም በያ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች፤ ምክንያቱም ወረቀቱን ስታጥፍ ግርጌው ላይ በሌላ ብዕር የተጻፈ፣ የተንጋደደ ጽሑፍ አይታ ነበር። ያንን ጮክ ብላ አላነበበችውም። ከሳፋዎቹ ኋላ ዞራ ለብቻዋ ነው ያየችው። «ከላይ ያለውን ተይው፤ ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ነው። ብዬዋለሁ። ማለቴን አላስታውስም፣ ግን ብዬዋለሁ። ማሽኑ ውኃ እየሞላ ነበር።»

ተናዳ ነበር፤ ንዴቷ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የምትጨቃጨቀው ሰው ግን አመነላት። የሚከራከራት ሰው ሲጠፋ እንዲህ ባዶ እንደምትሆን አላወቀችም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ዝናብ ለማንም ዝናብ ነው፤ ማድረቂያ ማሽን ለሌለው ላውንደሪ ግን መዓት ነው። የክሊኒኩ አንሶላ ሁሉ ጣሪያው ላይ፣ ገመዱ ላይ ነበር። ክሊኒኩ ደግሞ አስጠንቅቋል፤ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እርጥብ ካመጣችሁ ሌላ ቤት እንፈልጋለን ብሎ። በማግስቱ ጠዋት የድርጅቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ ለመጪው ዓመት ድጋፉን ያድስ እንደሆነ ይወስናል፤ ቢያድስ የሚመጣው ማድረቂያ ማሽን ነው።

ደረጃውን ስትወጣ እሱን ጣሪያው ላይ አገኘችው። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ከጥርሱ መካከል የልብስ መቆንጠጫ አለ፤ በሁለት እጁ አንሶላ ይጎትታል።

«እንደዚያ አይደለም የሚወርደው» አለችው እየሮጠች። «መሬት ያስነኩታል።»

«ይዤዋለሁ።»

«አልያዙትም። ጫፉን ይያዙ። ጫፉን ነው ያልኩዎት።»

«ቆይ ላስረዳሽ» አለ መቆንጠጫውን ከአፉ አውጥቶ። « ማታ ሳስበው ነበር። ቃሉን በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው አንቺ ታውቂያለሽ። በስብሰባ፣ በሪፖርት፣ በስልክ። ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ። አስቤ አይደለም ያልኩት።»

አንሶላውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ያ ነው እኮ የገደለኝ» አለች። «ፈርተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እናቴን ፈርቼ ነው ብትለኝ እሰድብህ፣ አለቅስ፣ በቃ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን አልፈራህም። ዘወር ብለህ ሳታስብ ስትናገር የሚወጣው ስሜ ያ ነው ማለት ነው። አስበህ ስትናገር ፍቅሬ ነኝ፤ ሳታስብ ስትናገር ተጠቃሚ ነኝ። እኔ ካንተ ጋር የምኖረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳታስብ ነው። ማን ቀኑን ሙሉ እያሰበ ይኖራል?»

መቆንጠጫውን ባዶው ገመድ ላይ ሰካው።

«ነገ ከኮሚቴው ፊት ሥራዬን እለቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ከለቀቅኩ ደንቡ አይነካንም። አንቺም ማሽንሽን ታገኛለሽ።»

«ማን ልቀቅልኝ አለህ?»

«ሌላ መንገድ የለማ።»

«ጠይቀኸኛል? አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺ ምን ታስቢያለሽ ብለኸኛል?» የያዘችው አንሶላ ውኃው በክርኗ ይወርዳል። «ዕድሜ ልኬን ‹ለእሷ ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ› እየተባለልኝ ልኖር ነው? ስትቆጣኝ ታነሣዋለህ። ባታነሣው እንኳ እናትህ ያነሡታል። ያም እኮ ድጋፍ ነው፤ ከድጋፍ ሌላ ስጦታ አታውቅም አንተ? አንድ ነገር እኔ ላድርግ እንጂ። አንድ ጊዜ እኔ ላድርግና አንተ ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

«አንተ አልሽኝ» አለ።

«ምን?»

«ከቅድም ጀምሮ። ‹አንተ› እያልሽኝ ነው።»

ዝናቡ ሁለቱንም እኩል ይደበድባል። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልለየላትም፤ ያወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እርስዎ» እያለች በቆየችባቸው ቀናት ሁሉ አፏ ከብዷት ነበር፤ አሁን ቀሏታል። እንደገና እንዲከብዳት ደግሞ አትፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ስብሰባው ከመሄዷ በፊት ሴቶቹን መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንሶላው ሌሊቱን በካውያ ሲደርቅ ስላደረ ክፍሉ ይፋጃል።

«አንድ ነገር ልናገር ነው የምሄደው» አለች። «ከተናገርኩ ማሽኑን ሊከለክሉን ይችላሉ። ማሽኑ የእኔ አይደለም፣ የእናንተ ነው። አትናገሪ ካላችሁኝ አልናገርም።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ስለ ክሊኒኩ ጠየቀች፤ እሷም ሳትደብቅ ክሊኒኩ ሊሄድ እንደሚችል ነገረቻት። ሌላዋ የልጆቹ መዋያ ይዘጋል ወይ አለች፤ ሊጠብ ይችላል አለቻት።

«እኔስ» አለች ካውያ በመጨረሻ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አንሶላ ሳደርቅ አድሬ ክንዴ የእኔ አይደለም። ማሽኑ ቢመጣ እስመዋለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ ሰው ዘንድ ስንት ዓመት ስናጥብ የኖርነው አፋችንን ይዘን ነው። እዚህ የመጣነው ደመወዙ በልጦ አይደለም። ሂጂ ተናገሪ። ከከለከሉንም ዝናቡ ሲያቆም እናሰጣለን።»

«ባይሆን ሽማግሌ ላኪበት» አለች አንዷ ከኋላ፤ ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። ኃላፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ትከሻቸውን ሲሰጡ ሸክሙ አይቀልም፤ ይልቁን ይበልጥ ይከብዳል። ሸሚዟን አስተካክላ ወጣች።

የስብሰባው አዳራሽ ባለሕንፃዋ የሰጡት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ራስ፣ ባለሕንፃዋ ከጎናቸው፣ ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት ግራና ቀኝ። አማካሪው ሩቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን ኪስ ደጋግሞ ይነካል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው እዚያ ነው።

«የላውንደሪውን ውጤት ሁላችሁም አይታችኋል» አሉ ዳይሬክተሩ። «ከመወሰናችን በፊት የምትሉት ካለ።»

አማካሪው ተነሣ። «እኔ አንድ ነገር…»

«ቁጭ በል» አለችው ኃላፊዋ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሥታ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ኃላፊዋ እንዲህ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም፤ አማካሪን «ቁጭ በል» የሚል ተደጋፊም አጋጥሟቸው አያውቅም። ባለሕንፃዋ ልጃቸውን አዩት። ልጃቸው ተቀመጠ።

«የምለው አለኝ» አለች፤ ድምፅዋ ጅማሬው ላይ ተሰበረና ተቃና። «አማካሪያችን እንዲቀየርልን እጠይቃለሁ።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅሬታ አለሽ?»

«ሞልቶኛል።»

«በሥራው?»

«በሥራውስ የለኝም። ክሊኒኩን ያገናኘን እሱ ነው። ሒሳባችንን ያስተካከለልን እሱ ነው። ትናንት አንሶላችንን ከዝናብ አውርዷል፤ መሬት ቢያስነካውም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ግራ አታጋቢን» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ትዕግሥታቸው እያለቀ። «ሥራው ደህና ከሆነ ምን በደለሽ? ሌላ አማካሪ መመደብ ቀላል ነገር እኮ አይደለም። ደግሞም ምክንያቱ መመዝገብ አለበት።»

«ይመዝገብ። ደንቡን አውቀዋለሁ። አማካሪ ከሚያማክረው ሰው ጋር ከሥራ ያለፈ ነገር ካለው ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ልትሰርዙት ትችላላችሁ፤ የላውንደሪው ሴቶች ይህን ሰምተው ነው የላኩኝ። እኔ ግን ደብቄ ማሽን አልወስድም።»

አማካሪው እንደገና ሊነሣ ሲል አየችውና በእጇ አስቀመጠችው። ባለሕንፃዋ ወደ ፊት አዘነበሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የማይፈልጉትን መልስ አስቀድመው ያወቁ ሰው ድካም ነበረ።

«እኔ ልጠይቅሽ» አሉ። «ከልጄ ምንድን ነው የምትፈልጊው? ሥራውን እንዲተውልሽ ነው?»

«አይደለም እመቤቴ። ምንም እንዲተውልኝ አልፈልግም። ሥራውን ይሥራ፤ ሌሎችን ያማክር፤ ሪፖርቱንም ይጻፍ፣ መጻፍ ካቃተው እኔ አርምለታለሁ።» አንድ ሁለት ሰው ሳል የሚመስል ሳቅ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አሁን የምታየው ባለሕንፃዋን ብቻ ነበር፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም። «ለላውንደሪው ሌላ አማካሪ ስጡን፤ ማሽኑንም ከሰጣችሁን አመስግነን እንወስዳለን። እሱን ግን ለራሴ ነው የምፈልገው።»